ሼፐር ልትሠሩ ከሆነ ሞተሩን ለመጨረሻ ተዉት

ቤቱ ውስጥ ትንሽ ወርክሾፕ ያለው ሰው «የብረት ሼፐር ልሠራ ነው» ሲል ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ምክር አንድ ነው። ዘመኑ ያለፈበት ማሽን ነው፣ ይልቅ ፍሬዛ ግዛ ይሉታል። ለፋብሪካ ከሆነ ምክሩ ልክ ነው። ፍሬዛ ብዙ ጥርስ ባለው መቁረጫ ያለማቋረጥ ይቆርጣል። ሼፐር ግን አንድ ስለት ብቻ ነው ያለው። ወደ ፊት ሲሄድ ይቆርጣል፣ ባዶውን ይመለሳል። በሰዓት ስንት ዕቃ ወጣ ብሎ ለሚቆጥር ሰው ይህ ኪሳራ ነው።

ለቤት ወርክሾፕ ሒሳቡ ሌላ ነው። እዚያ ጊዜ የሚቆጥር አለቃ የለም። እኔ በቤት ውስጥ ሊሠሩ ከሚችሉ የብረት ማሽኖች ሁሉ ሼፐር ይበልጥ ልፋትን የሚክስ ነው ባይ ነኝ። ግን ሥራው ከትክክለኛው ቦታ ከተጀመረ ነው። ብዙ ሰው የሚጀምረው ከሞተሩ ነው። ሞተር ያፈላልጋል፣ ፑሊ ያሰላል፣ ቺንጋ ይገዛል፣ የሚንቀሳቀስ ነገር ለማየት ይቸኩላል። ማሽኑን ማሽን የሚያደርጉት ግን ሁለት ብረቶች እርስ በርስ የሚንሸራተቱባቸው ገጾች ናቸው።

ለማያውቁት ባጭሩ ላስረዳ። አናጢ እንጨት በመላጊያ እንደሚልግ ሁሉ ሼፐርም ብረት ይልጋል። ከላይ ራም የሚባል ከባድ ተንሸራታች አለ። ጫፉ ላይ ስለቱ ይታሰራል። የሚላገው ብረት ከታች ጠረጴዛው ላይ በሞርሳ ይያዛል። ራሙ ሄዶ በተመለሰ ቁጥር ጠረጴዛው ትንሽ ወደ ጎን ይገፋል። ስለቱ ጎን ለጎን መስመር እያሰመረ ሙሉውን ገጽ ያዳርሳል።

ይህ እንግዲህ የሚያስከትለው ነገር አለ። ስለቱ ብረቱ ላይ የሚያሰምረው ራሙ የሄደበትን መንገድ ነው። ራሙ ቀጥ ብሎ ከሄደ ሥራው ቀጥ ይላል። ራሙ ሲሄድ ትንሽ ከጎበጠ፣ እስከ ማሽኑ ዕድሜ ፍጻሜ የሚላገው ብረት ሁሉ ያንኑ ጉብጠት ይዞ ይወጣል። የሞተር ጥፋት በሌላ ሞተር ይስተካከላል። የጥርስ ጎማ ጩኸት በግራሶ ይቀንሳል። የመንሸራተቻው ስህተት ግን በሌላ ነገር አይሸፈንም።

«ቀጥ ያለ ገጽ ለማውጣት እኮ ነው ማሽኑን የፈለግኩት፣ ያለ ማሽን እንዴት አወጣዋለሁ?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱን ታሪክ ይዞታል። ሼፐርን የሠራው ጀምስ ናስሚዝ የተባለ ስኮትላንዳዊ መሐንዲስ ነው፣ ዓመቱም እ.ኤ.አ. 1836። ከዚያ ቀደም ብሎ ለንደን ውስጥ በሄንሪ ሞዝሊ ወርክሾፕ ሠርቷል። በዚያው ወርክሾፕ የሠራው ጆሴፍ ዊትወርዝ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1840 ትክክለኛ ጠፍጣፋ ገጽ እንዴት በእጅ እንደሚወጣ በጉባኤ ላይ አቅርቧል። ዘዴው ሦስት ሰሌዳ ይፈልጋል። አንደኛው በሁለተኛው ላይ ቀለም ተቀብቶ ይታሻል፤ ቀለም የነካው ከፍ ያለ ቦታ ነውና በእጅ መፋቂያ ይፋቃል። ከዚያ ሁለተኛው ከሦስተኛው፣ ሦስተኛው ከአንደኛው። ሁለት ሰሌዳ ብቻ ቢሆን አንዱ ጎብጦ ሌላው ጎድጉዶ ፍጹም ሊገጥሙ ይችላሉ። ሦስቱም ተራ በተራ የሚገጥሙት ግን ሁሉም ጠፍጣፋ ሲሆኑ ነው። ሰሌዳዎቹን በየመሃሉ ማዞርም ያስፈልጋል፣ አለበለዚያ የተጣመመ ገጽ ሳይታወቅ ያልፋል።

ይህን ለመሥራት መፋቂያ፣ ሰማያዊ ቀለም እና ትዕግሥት ይበቃል። ዛሬ ደግሞ እንደዚያ ዘመን ከባዶ መነሳት የለብንም። የተፈተሸ ጠፍጣፋ ግራናይት ሰሌዳ በገበያ አለ። እሱን መመሳከሪያ አድርጎ የሼፐሩን መንሸራተቻ መፋቅ ይቻላል።

ስለ ቅርጹም የራሴ ምርጫ አለኝ። የፋብሪካ ሼፐሮች በአብዛኛው ዘንበል ያለ ጎን ያለው መንሸራተቻ ይጠቀማሉ። ለቤት ሥራ ግን ቀጥ ያለ ማዕዘን ያለውን እመርጣለሁ። ራሙ አራት ማዕዘን ይሆናል፣ ከላይ በሁለት ጠፍጣፋ ብረት በብሎን ይያዛል። በመሃል ቀጫጭን ቆርቆሮ ይገባል። ብረቱ ሲበላ አንድ ቆርቆሮ ማውጣት ነው። ከጎን ደግሞ በብሎን የሚገፋ ማጥበቂያ ብረት ይጨመራል። ሌላው ነገር የመንሸራተቻው ርዝመት ነው። እዚህ ላይ ብረት አትቆጥቡ። ራሙ ወደ ፊት በወጣ ቁጥር ኋላው ላይ የሚይዘው ነገር ይቀንሳል፣ አፍንጫውም ወደ ላይ ይገፋል። ለ150 ሚሊሜትር ጉዞ ቢያንስ 250 ሚሊሜትር የሚደርስ መንሸራተቻ ባይ ነኝ።

አካሉ በብየዳ የሚሠራ ከሆነ ብየዳው ሁሉ ከመፋቁ በፊት ይለቅ። ብየዳ ብረትን ይጎትታል፣ ያጣምማል። ከተፋቀ በኋላ አንዲት ነጥብ መበየድ የሳምንታትን ድካም ሊያበላሽ ይችላል። ጊዛ (ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት) ከተገኘ፣ ለምሳሌ ከተጣለ አሮጌ ማሽን አካል፣ እሱ ይሻላል። ንዝረት ይውጣል፣ ለመፋቅም ይመቻል።

መንሸራተቻው ካለቀ በኋላም ሞተሩ ይቆይ። መጀመሪያ ረጅም የእጅ ማንሻ ግጠሙለት። ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ አዴፕት የተባሉት የእንግሊዝ ትናንሽ ሼፐሮች በእጅ የሚሠሩ ነበሩ። በእጅ ሲሠራ ስለቱ የሚያደርገው ነገር ሁሉ ይሰማል። ደንዝዞ ሲንሸራተት፣ ጠልቆ ሲይዝ፣ ራሙ ላላ ብሎ ሲወዛወዝ ክንድ ያውቀዋል። ሞተር ይህን አይናገርም።

እዚህ ደረጃ ላይ ማሽኑ ራሱን መሥራት ይጀምራል። የጠረጴዛው የላይኛው ገጽ ሻካራ ሆኖ ይገጠም። ከዚያ በራሱ በሼፐሩ ይላግ። በራሙ ጉዞ ስለተላገ ከራሙ ጉዞ ጋር ትይዩ ይሆናል፣ ጠረጴዛው ወደ ጎን ከሚሄድበት መስመርም ጋር እንዲሁ። በመለኪያ ተጨንቆ ማስተካከል ሳያስፈልግ ማለት ነው። በዚሁ ላይ የብሎን ራስ የሚገባባቸው ቦዮች ይወጣሉ፣ የሞርሳው መቀመጫ ይላጋል። ይህን የሚያደርግ ሌላ ማሽን ቤት ውስጥ ላለው ሰው ማግኘት ከባድ ነው።

የስለቱን መያዣ ነገር ሳልጠቅስ ባልፍ ደስ አይለኝም። ብዙዎች ክላፐር የሚባለውን ክፍል ቀለል አድርገው ያዩታል። ስለቱ የታሰረበት ትንሽ ሳንቃ ነው፣ ከላይ በፒን ተንጠልጥሏል። ሲቆርጥ ተደግፎ ይቆማል፣ ሲመለስ ብድግ ይላል። ስለቱ ሲመለስ ብረቱን እየፋቀ እንዳይደነዝዝ የሚያደርገው እሱ ነው። ወደ ጎን ከተወዛወዘ የሚወጣው ገጽ ይንቀጠቀጣል። በጣም ከጠበቀ ደግሞ አይነሳም። በራሱ ክብደት የሚወድቅ፣ በጣት ወደ ጎን ሲገፋ ግን የማይነቃነቅ መሆን አለበት።

አሁን ሞተር። የተለመደው አነዳድ የሚዞር የጥርስ ጎማ ላይ የተተከለ ፒን፣ መሃሉ የተሰነጠቀ ረጅም ማንሻ ውስጥ ገብቶ ወዲያና ወዲህ እንዲያወዛውዘው ነው፤ ማንሻው ደግሞ ራሙን ይገፋል። የማንሻው መዞሪያ ከጎማው መሃል 100 ሚሊሜትር ዝቅ ይበል እንበል። ፒኑ ከመሃል 31 ሚሊሜትር ይራቅ። ከአንድ ሙሉ ዙር 216 ዲግሪው ለመቁረጥ፣ 144ቱ ለመመለስ ይሆናል። ቀስ ብሎ ይቆርጣል፣ ፈጥኖ ይመለሳል። የማንሻው ርዝመት 240 ሚሊሜትር ከሆነ ጉዞው ወደ 150 ሚሊሜትር ይመጣል። በደቂቃ 60 ጊዜ ቢመላለስ አማካይ የመቁረጫ ፍጥነቱ በደቂቃ 15 ሜትር ነው፤ ለሃይ ስፒድ ስቲል (ለመቁረጫ የሚሆን ጠንካራ ብረት) ስለትና ለተራ ብረት ይስማማል። በደቂቃ 1440 የሚዞር ሞተርን ወደ 60 ለማውረድ በቺንጋ 4 እጥፍ፣ በጥርስ ጎማ ደግሞ 6 እጥፍ መቀነስ ይበቃል። ለጎን ግፊቱ በአንድ ዙር 2 ሚሊሜትር በሚገፋ ቪት ላይ 20 ጥርስ ያለው ራቼት (ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚገፋ የጥርስ ጎማ) ቢገጠም በአንድ ጥርስ 0.1 ሚሊሜትር ይሰጣል። ግፊቱ ራሙ ሲመለስ ይሁን እንጂ ሲቆርጥ አይሁን።

ሞተር ከገባ በኋላ ማሽኑ አደገኛ ነው። ራም ጣት ቢያገኝ አይቆምም። ከኋላም ይወጣል፣ ስለዚህ ከግድግዳ መራቅና መከለል አለበት። ፍቅፋቂው ጋለ ብሎ ወደ ፊት ይወረወራል፣ መነጽርና መከላከያ ያስፈልጋል። በሁለት ጉዞ መሃል በብሩሽ ልጥረግ፣ ልለካ ማለት አይታሰብም። ማብሪያው ከመነካቱ በፊት ሁሌም አንድ ሙሉ ዙር በእጅ ይዞር።

ይህ ሁሉ ተደክሞ ምን ይገኛል? ስለቱ በግራይንደር በገዛ እጅ የሚሳል አንድ ቁራጭ ብረት ነው። ሲደነዝዝ እንደገና ይሳላል፣ እንደ ፍሬዛ መቁረጫ ሌላ አይገዛም። በፑሊ ቀዳዳ ውስጥ የኪዌይ ቦይ (ፑሊውን ከዘንጉ ጋር የሚያያይዘው ብረት የሚገባበት) ለማውጣት ፍሬዛ ይቸገራል፤ ሼፐር ረጅም መያዣ ታስሮለት ቀስ እያለ ያወጣዋል። ስለቱ በተፈለገው ቅርጽ ከተሳለ የጥርስ ዘንግም ሆነ ዘንበል ያለ ጎን ያለው ቦይ ይወጣል።

የመጀመሪያው ፈተና ቀላል ነው። ሁለት ቁራጭ ብረት ጎን ለጎን አስራችሁ በአንድ ጊዜ ላጓቸው። ፈትታችሁ የተላጉትን ገጾች ፊት ለፊት ግጠሟቸውና ወደ ብርሃን አንሷቸው። ስህተቱ እጥፍ ሆኖ ይታያል። ብርሃን መሃል ላይ ካለፈ ሥራው ጎድጉዷል፣ ዳርና ዳር ካለፈ ጎብጧል። ከሁለቱ አንዱ ከሆነ ሞተሩን ፈትቶ ቀለምና መፋቂያ ማንሳት ነው።