«ስተዲስ» እና «ሳይንስ» ያው አይደሉም

ፍሎሪዳ ውስጥ ትንሽ ኮሌጅ ለሚፈልጉ ልጆች «ኢንቫይሮመንታል (የአካባቢ) ስተዲስም ሳይንስም ያው ነው፣ ዋናው ሙቀቱና ባህሩ ነው» የሚል ምክር ደጋግሜ አየሁ። ይቅርታ፣ ያው አይደለም። ስተዲስ ብዙ ጊዜ ፖሊሲ፣ ሕግና ታሪክን ከተወሰነ ሳይንስ ጋር ያደባልቃል፤ ሳይንሱ ግን ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂና ስታቲስቲክስ ይበዛበታል። ሴንት ፒተርስበርግ ያለውን ኤከርድ ኮሌጅን እዩ፦ ግቢው ባህር ዳር ነው፣ ግን ኢንቫይሮመንታል ስተዲስ በቢኤ (የአርት ባችለር ዲግሪ)፣ ማሪን ሳይንስ (የባህር ሳይንስ) በቢኤስ (የሳይንስ ባችለር ዲግሪ) ነው የሚሰጠው።

ማጣራቱ ቀላል ነው። የኮሌጁን ካታሎግ ክፈቱና የግዴታ ኮርሶቹን አንብቡ (ፎቶዎቹን ተዉት፣ ሁሉም ጋ ዘንባባ አለ)። ውሃ ላብራቶሪ ውስጥ መመርመር የሚፈልግ ልጅ ኬሚስትሪ እንደጎደለው ሦስተኛ ዓመት ላይ ከነቃ፣ ትንሽ ኮሌጅ ውስጥ አንዳንድ ኮርስ በየሴሚስተሩ ስለማይከፈት ምረቃው ሊገፋበት ይችላል።