አያስፈራም

ቃሪያ ላይ ጀግና የሚሆን ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? አንዴ ገመጥ ያደርግና ዓይኑ እንባ ያቀርራል፤ ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ይላል፤ አፍንጫውን በእጁ ጀርባ ይጠርጋል። «አቃጠለህ እንዴ?» ስትሉት «ኧረ ምኑ! የድሮ ቃሪያ የት ሄዶ!» ይላችኋል፤ ድምፁ ግን የእሱ አይደለም። ከዚያ ሁለተኛውን ያነሳል። የሆረር ፊልም ወዳጆችን በቅርብ ካወቅሁ ወዲህ ይህ ሰው ትዝ ሳይለኝ የዋልኩበት ቀን የለም።

ከመሥሪያ ቤታችን አጥር ሥር አንዲት ሴት ጀበናዋን ጥዳ ቡና ትሸጣለች። ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ እዚያ የምንሰየም አራት ሰዎች ነን። ወሬያችን ሲጀመር ስለ ደመወዝ ጭማሪ ነበር። ጭማሪው ሲዘገይ ወደ ኳስ ዞርን፤ የምንደግፈው ቡድን ሲያሳፍረን ወደ ፊልም ሸሸን፤ እዚያም ከፍቅር ወደ ሽጉጥ፣ ከሽጉጥ ወደ ሰይጣን እየወረድን አሁን ካለንበት ደረስን። ዛሬ አንድ እንግዳ አጠገባችን ተቀምጦ ስለ አንገት መቀላት በእርጋታ ስንመካከር ቢሰማ፣ ፖሊስ ባይጠራ እንኳን ቡናውን ሳይጨርስ ይነሳል።

ከአራታችን ዋናው «አያስፈራም» ነው። ስሙ አይደለም፤ እኔ ነኝ በልቤ ያወጣሁለት። ሒሳብ ክፍል ይሠራል። የትኛውንም ፊልም አይቶ ሲመጣ የሚሰጠው አስተያየት ይህችው አንዲት ቃል ናት። ስንት ሰው ያለቀበትን ፊልም በዚህች ቃል ቀብሮ ቡናውን ፉት ይላል። ሌላ ሰው አሥር ጊዜ ጨው የሌለው ወጥ ቢቀርብለት አሥራ አንደኛውን ለመቅመስ እጁን አይታጠብም፤ እሱ ግን «አያስፈራም» ባለ ማግስት «ሌላ የለህም?» ብሎ ፍላሹን ይዘረጋል።

ደግሞ አዋቂ ነው። «ሳይኮ» ላይ፣ ማለትም አልፍሬድ ሂችኮክ እ.ኤ.አ. በ1960 ባወጣው ፊልም፣ ሴትዮዋ ገላዋን እየታጠበች ስትወጋ የሚፈሰው ደም የቸኮሌት ሽሮፕ መሆኑን የነገረን እሱ ነው። ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ስለሆነ ከቀይ ቀለም ይልቅ ቸኮሌት ደም ይመስላል አሉ። ያን ጥቂት ደቂቃ ለመቅረጽ ሰባት ቀን እንደፈጀም ይነግረናል። በ1978 የወጣው «ሃሎዊን» ላይ ቢላ ይዞ የሚዞረው ሰውዬ ያጠለቀው ጭምብልም ከመደብር የተገዛ የአንድ የጠፈር ጉዞ ድራማ ካፒቴን ፊት ነው፤ ነጭ ቀለም ቀብተውት ነው እንጂ። ይህን ሁሉ ሲዘረዝር አፌን ከፍቼ እሰማው ነበር። በኋላ ላይ ግን አንድ ነገር ተገለጠልኝ፦ ደሙ ቸኮሌት መሆኑን ለማጣራት ይህን ያህል የሚደክም ሰው፣ አንድ ሌሊት ደም መስሎት ያደረ ሰው መሆን አለበት።

የመዝገብ ቤቷ እትዬ ከሁላችንም የበለጠ ሆረር አይተዋል፤ አንዱንም ግን ሰምተው አያውቁም። ሪሞቱን እንደ መቁጠሪያ ጨብጠው ይቀመጡና ፊልሙ ውስጥ ያለው ቤት ጭር ማለት ሲጀምር ድምፁን ያጠፉታል። «የሚያስፈራው ሙዚቃው ነው፤ ሙዚቃውን ካወጣህለት ሰው በሰው ላይ ከመሮጥ ሌላ ምን አለው?» ይላሉ። አልተሳሳቱም። ሂችኮክም ያን የመታጠቢያ ቤት ትዕይንት ያለ ሙዚቃ ሊያሳየው አስቦ ነበር፤ አቀናባሪው በርናርድ ኸርማን የሚያንሰቀስቁትን ቫዮሊኖች ሲያሰማው ነው ሐሳቡን የለወጠው። ችግሩ እትዬ በፊልሙ ላይ አስተያየት ሲሰጡ ነው።

«ያቺ ሴት በእኩለ ሌሊት ብቻዋን ምድር ቤት ምን ልትሠራ ወረደች?»

«ልጇ ሲጮህ ሰምታ ነው እኮ፣ እትዬ።»

«እንዴ! ልጁ ጮኾ ነበር?»

ጋሼ ጡረታ ሊወጡ አንድ ዓመት ቀርቷቸዋል። እሳቸው የቪዲዮ ቤት ዘመን ሰው ናቸው። አግዳሚ ወንበር ላይ ተጠጋግተው፣ መስኮቱ በብርድ ልብስ ተጋርዶ፣ ሥዕሉ በካሴቱ እርጅና እየተንቀጠቀጠ ነው ያዩት። ሰውዬው ፈርቶ ይንቀጠቀጥ ወይስ ካሴቱ ያንቀጥቅጠው መለየት አይቻልም ነበር ይላሉ። የጋሼ ዓመል መጨረሻውን መናገር ነው። «ምንም አልነግርህም፤ ራስህ እየው» ብለው ይጀምራሉ፤ «ብቻ መጨረሻ ላይ ዶክተሩን ተጠንቀቀው» ብለው ይጨርሳሉ።

እሳቸው ከሚያወድሷቸው ፊልሞች ሁሉ በላይ በ1973 የወጣው «ዘ ኤክሶርሲስት» ነው፤ ርኩስ መንፈስ ስለያዛት የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ። አንድ ቀን ይህንኑ ሲተርኩ ቡና ሻጯ ማማሰያዋን እንደያዘች ቆመች።

«ልጅቷን ጠበል ወሰዷት?»

«ቤቷ ድረስ ቄስ መጣላት። ሁለት ቄሶች።»

«ሁለት ብቻ? እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ሁለት ሱባኤ ቢያስጠምቋት ምናለበት! ለመሆኑ መንፈሱን ‹ማን ላከህ?› አሉት?»

ጋሼ ትንሽ አሰቡና እንደዚያ ዓይነት ጥያቄ ትዝ እንደማይላቸው ተናገሩ።

«እንግዲያማ የላከባት ጎረቤት ሳይታወቅ ቀረ!» ብላ እጇን አጨበጨበች። ለእሷ ፊልሙ እስከ ዛሬ አላለቀም። ጎረቤቷ ምቀኝነቷን ይዛ ዛሬም በሰላም ትኖራለች።

አያስፈራም በዚህ መሃል ጣልቃ ገብቶ፣ ከልጅቷ አፍ የወጣው አረንጓዴ ትውከት የአተር ሾርባ እንደነበረ፣ የተዋናዮቹ ትንፋሽ እንደ ጭስ እንዲታይም ክፍሉን በማቀዝቀዣ ማሽን በረዶ እንዳደረጉት አስረዳ።

«አተር?» አለች ቡና ሻጯ። «በጾም ነው እንዴ የቀረጹት?»

ጋሼ ሲኒማ በአገራችን ሲጀመር የአዲስ አበባ ሰው ቤቱን «ሰይጣን ቤት» ብሎ እንደጠራው ደጋግመው ያወሳሉ። ጨለማ ክፍል ውስጥ፣ ጨርቅ ላይ፣ ነፍስ የሌለው ሰው ሲራመድ ያየ ሰው ሌላ ምን ይበል? እኔ ግን ያን ትውልድ የማከብረው ስለ ሌላ ነገር ነው። ፈራ፤ መፍራቱንም በስሙ ጠራው። «ሰይጣን ቤት ገብቼ ነበር፤ አያስፈራም» የሚል ሰው በመካከላቸው ነበረ ማለት ይከብደኛል።

የእኔን ነገር ልንገራችሁ። እኔ ፈሪ ነኝ። ሻርክ ሰው የሚበላበትን የ1975 ፊልም «ጆውስ»ን ካየሁ ወዲህ ላንጋኖ ሄጄ ከጉልበቴ በላይ ገብቼ አላውቅም። የባሕር በር በሌለው አገር፣ በስምጥ ሸለቆ ሐይቅ፣ ሻርክ! እንደማይኖር አውቃለሁ። ውሃው ግን ቡናማ ስለሆነ እግሬን አያሳየኝም፤ እግሬን የማያሳይ ውሃ ሌላም ነገር ሊደብቅ ይችላል። አያስፈራም ይህን ሲሰማ፣ ለፊልሙ የተሠራው የብረት ሻርክ ባሕር ውስጥ በገባ ቁጥር እየተበላሸ እንዳስቸገረ፣ ዳይሬክተሩ ስቲቨን ስፒልበርግም ሻርኩን ብዙ ማሳየት ስላልቻለ ውሃውን ብቻ እያሳየ እንደሠራው ነገረኝ። ሊያጽናናኝ ነበር። እኔ የተረዳሁት ግን የሚያስፈራው የማይታየው ሻርክ መሆኑን ነው፤ ላንጋኖ ውስጥ ያለውም እሱው ነው።

የጥቆማ ነገር ከተነሳ፣ ለአንድ ሆረር ከሚሰጡ ምስክርነቶች ሁሉ ትልቁ «እውነተኛ ታሪክ ነው» የሚለው ነው። በ1999 የወጣው «ዘ ብሌር ዊች ፕሮጀክት» በዚህ ብልሃት ነው ዓለምን ያስጮኸው። ጫካ ገብተው የቀሩ ሦስት ወጣቶች ካሜራ ተገኘ ብለው አስወሩ፤ ተዋናዮቹን እንደጠፉ ሰዎች አስቆጠሯቸው፤ የዋናዋ ተዋናይ እናት የሐዘን መግለጫ ካርድ እስከሚደርሳቸው ድረስ ሰው አመነ። እነሱ አገር ሆኖ በካርድ አለቀ እንጂ እኛ ሰፈር ቢሆን እድሩ ድንኳን ተክሎ፣ ንፍሮ ተቀቅሎ፣ ልጅቷ በሦስተኛው ቀን ሻንጣዋን እየጎተተች ከች ስትል የሚፈጠረው ነገር ራሱን የቻለ ሆረር ይወጣው ነበር።

ሁለተኛው ትልቅ ጥቆማ «ብቻህን ሆነህ፣ መብራት አጥፍተህ እየው» የሚለው ነው። የመብራቱን ነገር በእኛ ከተማ ተመልካቹ ባይጨነቅበትም ይሆናል።

ሚያዝያ ላይ ባለቤቴ ልጆቹን ይዛ ለክርስትና ደብረ ብርሃን ሄደች። ብቻዬን መሆኔን አፌ አላስችል ብሎኝ ቡና ላይ ተናገርኩ። አያስፈራም ወዲያው ኪሱ ገብቶ ፍላሽ አወጣ። የጃፓን ፊልም ነው፤ «ሪንጉ»፣ ሂዴዎ ናካታ ያዘጋጀው፣ የ1998። «ትናንት ማታ ነው ያየሁት» አለኝ። «እንዴት ነው?» አልኩት። መልሱን ታውቁታላችሁ። ዓይኑ ግን ደም መስሎ ነበር፤ ቸኮሌት ያልሆነ።

ታሪኩ ስለ አንድ የተረገመ የቪዲዮ ካሴት ነው። ካሴቱን ያየ ሰው ስልክ ይደወልለታል፤ በሰባተኛው ቀን ይሞታል። ፀጉሯ ፊቷን የሸፈናት ነጭ ለባሽ ሴት ከቴሌቪዥኑ ውስጥ እየዳኸች ትወጣለች። ሳሎን ድረስ። የእኛን ሳሎን የሚያክል ሳሎን ነው።

ፊልሙ እንዳለቀ መብራት ጠፋ። መጀመሪያ ደስ አለኝ፤ ቴሌቪዥኑ ከጠፋ ውስጥ ያለው ሁሉ እዚያው ተቆልፎ ይቀራል ብዬ ነበር። ቀጥሎ፣ ቀድማ ወጥታ ከሆነስ የሚል ሐሳብ መጣብኝ። ሻማው ወጥ ቤት ነው፤ ወጥ ቤቱ ከቴሌቪዥኑ በስተኋላ ነው። ሶፋው ላይ እግሬን ሰብስቤ ጸሎተ ሃይማኖት ጀመርኩ፤ ሁለት ጊዜ መሃል ላይ ጠፋብኝ። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ሲሆን ሌላ መላ አጣሁና አያስፈራም ጋር ደወልኩ።

ጠርቶ ጠርቶ ዘጋ። ደገምኩ። ጠርቶ ዘጋ። በሦስተኛው፣ ከጉድጓድ ሥር የሚመጣ የሚመስል ቀጭን ድምፅ «ማ… ማን ልበል?» አለ። ያኔ ነው ምን እንዳደረግሁ የገባኝ። ካሴቱን ላየ ሰው በእኩለ ሌሊት ደውዬለታለሁ።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«እኔ ማን?»

«እኔ፣ ከንብረት ክፍል።»

ረጅም ትንፋሽ ሰማሁ። «በሰላም ነው?» አለ። ፈርቼ ነው እንዳልል አፌ ተያዘ። ያገኘሁት ምክንያት አንድ ብቻ ነበር። «የንብረት ቆጠራው ጉዳይ አሳስቦኝ ነው» አልኩ። ሌላ ሰው ቢሆን ይሰድበኝ ነበር፤ ቆጠራው ለሰኔ 30 ነው፤ ገና ሚያዝያ ላይ ነን። እሱ ግን «አትለኝም! እኔም እኮ እሱን እያሰብኩ ተኝቼ አላውቅም!» አለ፤ ደስታው በስልኩ ውስጥ ይሰማ ነበር።

ከምድር ቤት ጀመርን። ወንበሮችን በዓይነት ለየን፤ የተሰበሩትን አወጣን፤ ከመዝገብ ቤት ወደ ሒሳብ ክፍል ያለ ሰነድ የተሻገረ አንድ ጠረጴዛ ላይ ሩብ ሰዓት ተከራከርን። በሕይወቴ ስለ ካዝናና ስለ ፋይል ማስቀመጫ ከሰው ጋር እንዲያ በፍቅር አውርቼ አላውቅም። አንዳችን «በል እንግዲህ ደህና እደር» ስንል ሌላው «ቆይ፣ የሁለተኛ ፎቅ መጋረጃዎችስ?» ይላል። አንድ ጊዜ ዝም ብሎ ሲቆይብኝ «አለህ?» ብዬ ጮህኩ። «አለሁ፤ በሩን ላረጋግጥ ሄጄ ነው» አለኝ። የትኛውን በር እንደሆነ አልጠየቅሁትም፤ እኔም የእኔን አረጋግጬ ነበር። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ መብራት መጣ፤ ያን ጊዜ የቀረን የሾፌሮች ክፍል ብቻ ነበር።

በማግስቱ ቡና ላይ ጋሼ «እህ፣ ፊልሙ እንዴት ነበር?» አሉኝ። ሁለታችንም በአንድ ድምፅ መለስን። እትዬ ተራ በተራ አዩንና «ለማየት ልዋሰው» አሉ፤ ስልክ የሚደወልበት ፊልም እሳቸውን ምን ሊያደርግ ይችላል?

ልሰጣቸው ፍላሹን ካወጣሁ በኋላ የፊልሙ ማለቂያ ትዝ አለኝ። ከእርግማኑ የሚተርፈው ካሴቱን ቀድቶ ለሌላ ሰው ያሳየ ብቻ ነው። (መጨረሻውን ነገርኳችሁ፤ ከጋሼ ጋር ብዙ ተቀምጫለሁ።) አያስፈራም ያን ፍላሽ ለምን እንዲያ በጥድፊያ እንደሰጠኝ ገባኝ። እትዬ ድምፁን አጥፍተው አይተው ቢመልሱልኝ አየ የሚባል ሰው አይቆጠርልኝም ብዬ ፍላሹን ወደ ኪሴ መለስኩት።

የንብረት ቆጠራው ሪፖርት ከቀነ ገደቡ ሁለት ወር ቀድሞ፣ እስከ መጨረሻዋ ወንበር ተሟልቶ ሥራ አስኪያጃችን ጠረጴዛ ላይ ደረሰ። ቢሯቸው አስጠሩንና ተነሥተው ጨበጡን። እንዲህ ዓይነት የሥራ ፍቅር ከየት እንዳመጣን ጠየቁን። አያስፈራም ጣሪያውን አየ። እኔ ግን ሰባት ቀኑ ሊሞላ አንድ ቀን ብቻ ቀርቶኝ ነበር።

«ጌታዬ፣ ፊልም ይወዳሉ?» አልኳቸው፤ ፍላሹን ከኪሴ እያወጣሁ። «አያስፈራም።»