ጊዮርጊስን ጥዬ ሰይጣን?

ባለፈው ሐምሌ የአጎቴ ልጅ ለስልጠና ከአዲስ አበባ ብራስልስ መጣ። አንድ ማታ ቢራ ልጋብዘው ወጣን። ዱቬል አዘዝኩ። «ምን ማለት ነው?» አለኝ። በእነሱ ዘዬ ሰይጣን ማለት ነው አልኩት። መጀመሪያ የአንደኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ መታሰቢያ ሆኖ «ቪክቶሪ ኤል» ነበር የሚባለው። በ1923 በፈረንጆቹ አንድ ጫማ ሠሪ ቀምሶ «ይኼማ ለይቶለት ሰይጣን ነው» አለ ይባላል። ስሙ በዚያው ቀረ።

«እና ጊዮርጊስን ጥዬ መጥቼ ሰይጣን ልታጠጣኝ ነው?»

አስተናጋጁ ሆዷ ሰፋ፣ አንገቷ ጠበብ ያለ ባለእግር ብርጭቆ በቀዝቃዛ ውሃ አለቅልቆ አመጣ። ዘንበል አድርጎ ቀስ ብሎ ቀዳ፣ ወደ መጨረሻው ቀና አደረጋት። አረፋው ጉብ አለ። ጠርሙሱ ውስጥ ጥቂት አስቀርቶ አጠገባችን አኖረው።

«ግማሹን አረፋ ሸጠልን፤ የቀረውን ደግሞ ከለከለን» አለ ዘመዴ።

አልፈረድኩበትም። እኛ አገር አረፋ መበላት ነው። ጃምቦው አረፋ በዝቶበት ከመጣ «ሙይልኝ እንጂ!» ነው። እዚህ የሚያስከፋው አረፋ የሌለው ነው፤ መዓዛውን የሚይዘው እሱ ነዋ። ብርጭቆዋ 33 ሳንቲ ሊትሩን ከነአረፋው እንድትችል ተደርጋ የተሠራች ናት። ታችዋ ላይ «ዲ» ፊደል ተፍቆባታል፤ ከፊደሏ ላይ የአረፋ ክር ሳይቋረጥ ይተረተራል። ስልኩን አውጥቶ ቀረጸው።

የቀረው እርሾ መሆኑን ነገርኩት። ቢራው ከታሸገ በኋላ ጠርሙሱ ውስጥ ዳግም ይፈላል።

«አተላ ነው በለኛ!»

አዎ፣ አተላ ነው። ገልብጦ ጠጣው። የሚወዱትም አሉ።

ጣዕሙ መጀመሪያ ፒር የሚባለውን ፍሬ፣ ቀጥሎ የሎሚ ልጣጭ ይመስላል፤ ትንሽ ቁንዶ በርበሬ ነገርም አለው። ሲጨርስ ደረቅና መረር ያለ ነው። ችግሩ ሲወርድ ቀላል መሆኑ ነው። የአገር ቤቱ ቢራ አልኮሉ 5 በመቶ አካባቢ ነው፤ ይኼ 8.5 ነው። ሁለተኛውን እንደ ጊዮርጊስ ጨለጠውና ሊነሳ ሲል ጠረጴዛውን ያዘ።

እዚህ ቢራው ሁሉ የየራሱ ብርጭቆ አለው። በመጣሁ ሰሞን አንዱ ቤት «ብርጭቆው ስላለቀ ሌላ ቢራ ይዘዙ» ብሎኝ ተናድጄ ወጥቻለሁ። ምን ያናድደኛል? ብርሌ ያለው አገር ልጅ ነኝ። ጠጅ ቀጂው መጀመሪያ መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ቀምሶ የሚያቀርብበት አገር። ባለፈው ለሠርግ አገር ቤት ስገባ ግን ጠጁ በሃይላንድ መጥቶ በለስላሳ ብርጭቆ ተቀዳልኝ። የቤልጅየም የቢራ ባህል በ2016 ዩኔስኮ መዝገብ ላይ ሰፍሯል።

ዘመዴ በቀደም ደወለ። «ያቺን ብርጭቆ በሰው ላክልኝ፣ ድራፍት እቀዳባታለሁ።» እሺ፣ አንተም ሁለት ብርሌ ላክልኝ አልኩት።

«ብርሌ? መርካቶ ሞልቷል። ምን ሊያደርግልህ?»