ፓስቴል እና ፓስቲ

ጥፋቱ የራሴ ነው። ሊዝበን ላይ ጉራዬን ባልነዛ ኖሮ ፒያሳ ላይ አላፍርም ነበር።

የምኖረው ፍራንክፈርት ነው። ለፈረንጆቹ ፋሲካ ትምህርት ቤት ሲዘጋ የ12 ዓመት ልጄን ይዤ ፖርቱጋል፣ ሊዝበን ሄድኩ። ሊዝበንን የመረጥኩት ትኬቱ ርካሽ ስለነበረ ነው። ሌላ ምክንያት ብደረድር ውሸት ነው። ከዚያ ሐምሌ ላይ ደግሞ አዲስ አበባ ገባን። ሁለቱ ጉዞዎች እንዲህ ባይቀራረቡ ልጄ ትረሳው ነበር ብዬ ራሴን አጽናናለሁ። ግን አትረሳም። ልጆች የቤት ሥራቸውን እንጂ የእናታቸውን ጉራ አይረሱም።

ሊዝበን ውስጥ ቤሌም የሚባል ሰፈር አለ። ቤተልሔም ማለታቸው ነው። ቴዦ ወንዝ አትላንቲክ ውቅያኖስ ሊገባ ሲል ባሕር አክሎ የሚሰፋበት ዳርቻ ላይ ነው። እዚያ፣ ከጀሮኒሞስ ገዳም አጠገብ፣ አንድ ኬክ ቤት አለ። በሩ ላይ የተኮለኮለውን ሕዝብ ሳይ ሸማቾች ሱቅ ዘይት የገባ ነበር የመሰለኝ። የሚሸጡት ግን ፓስቴል ነው። መዳፍ ላይ የምታርፍ ትንሽ ነገር ናት። ዙሪያዋ ሲነክሱት ይፈረካከሳል። መሐሏ በእንቁላል አስኳልና በወተት የተሠራ ክሬም ነው። ላይዋ በእሳት ጠቆር ጠቆር ብሏል። ቀረፋ ነስንሰው በትኩሱ ይበሏታል።

40 ደቂቃ ተሰለፍን። ለኬክ! አገር ቤት 10 ደቂቃ ካስጠበቁኝ «ባለቤቱን ጥሩልኝ» የምለው እኔ።

ቤቱ ይህንኑ ፓስቴል የሚሸጠው በእነሱ አቆጣጠር ከ1837 ጀምሮ ነው። ያኔ አፄ ቴዎድሮስ ገና ካሳ ነበሩ። አዲስ አበባም ልትቆረቆር 50 ዓመት ገደማ ይቀራታል። እንደሚባለው መነኮሳቱ የእንቁላሉን ነጭ ለልብስ ማጠንከሪያ ይጠቀሙበት ነበር። አስኳሉ ሲተርፋቸው ጣፋጭ ሠሩበት። በ1834 ገዳማት በአዋጅ ሲዘጉ አሠራሩ ከገዳም ወጥቶ ሱቅ ገባ። ዛሬም ምስጢሩን የሚያውቁት ጥቂት ሰዎች ብቻ ናቸው። ይህን ስሰማ እናቴ ትዝ አለችኝ። እሷም በርበሬዋ ውስጥ የምትጨምረውን ለማንም አትናገርም።

እናቴን ስጠራ ደወለች። ሁዳዴ ነው።

«ጾሙን እየያዝሽ ነው አይደል?»

«አዎ እማዬ» አልኩ፣ አስኳሉ አፌ ውስጥ እያለ። ይቅር ይበለኝ።

ጉራው የመጣው እዚህ ላይ ነው። ልጄ ሁለተኛዋን ፓስቴል እየገመጠች «ማማ፣ አዲስ አበባም እንዲህ ዓይነት የድሮ ቤት አለ?» አለችኝ። እኔ ደግሞ ደሜ ፈላ። «አለ እንጂ! ፒያሳ ፓስቲ ቤት አለ። እንዲያውም እነዚህ ስሙን ከእኛ ሳይወስዱት አይቀሩም። እኔ ተማሪ ሆኜ የምበላበት፣ አያትሽም በልጅነቷ የበላችበት ቤት ነው። ክረምት ላይ ወስጄ አሳይሻለሁ።» እናቴ እዚያ ቤት መብላቷን እርግጠኛ አይደለሁም። ሞቅ ብሎኝ ነው።

ሊዝበን ለእኛ ሰው እንግዳ አገር አለመሆኗ ደግሞ አባሰብኝ። ጀሮኒሞስ ገዳም ውስጥ የቫስኮ ዳ ጋማ መቃብር አለ። ልጄን አጠገቡ አቁሜ የልጁን የክርስቶፎርን ታሪክ ነገርኳት። በ1541 ወደ 400 ወታደር ይዞ ለእርዳታ መጥቶ በዓመቱ እኛው አገር አንገቱ የተቀላውን። «አባትየው እዚህ በእብነ በረድ ተኝቷል፣ ልጅየው እኛ ጋ ቀረ» ስላት ዝም ብላ ቆየች። አፄ ልብነ ድንግል የላኩት ጸጋ ዘአብም በ1527 እዚህ ከተማ ገብቷል። ዓመታት ተጉላላ። ስለ ጾማችንና ስለ ሰንበታችን ሲሞግቱት ኖሩ፣ ቁርባንም ከለከሉት። እሱም የእምነታችንን ነገር ቅሬታውን ጨምሮ ጻፈ። ጽሑፉ በ1540 በላቲን ታትሟል። ወረቀት አላልቅለት ብሎ ባዕድ አገር የተንገላታ ሀበሻ ከዛሬ 500 ዓመት በፊትም ነበረ ማለት ነው። ረቡዕና አርብ ምን ይበላ ይሆን ብዬ አሰብኩ። ባካልያው ይሆናል። ባካልያው በጨው የደረቀ ዓሣ ነው። ከሰሜን አትላንቲክ ያስመጡትና ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈው ጨውን ያስለቅቁታል። የእነሱ የጾም ምግብ ነበር። ከድንችና ከእንቁላል ጋር ጠብሰው ሲያቀርቡት ግን ጾሙን ምኑ ጾም እንዳደረገው አልገባኝም።

ሁሉም ማር ነው እንዳትሉኝ። አልፋማ በሚባለው አሮጌ ሰፈር፣ ቁልቁለቱ ላይ፣ ያ የተወደሰ የድንጋይ ንጣፍ አንሸራቶኝ በቂጤ ተቀምጫለሁ። 28 ቁጥር ትራም ውስጥ ቦርሳዬን እንደ ሕፃን ታቅፌ ነው የተሳፈርኩት። ከሁሉ የቆረቆረኝ ግን ምግብ ቤቱ ነው። ገና እንደተቀመጥን አስተናጋጁ ዳቦ፣ ወይራና አይብ አምጥቶ ዘረገፈ። አላዘዝንም። ደስ አለኝ። «አየሽ፣ እነዚህም እንግዳ ያከብራሉ» አልኳት ልጄን። ጠራርገን በላን። ሒሳብ ሲመጣ ዳቦው በዳቦ፣ ወይራው በወይራ፣ አይቡ በአይብ ተጽፏል! ያልፈለገ «መልሱት» ማለት ነበረበት አሉኝ። የቀረበን ማዕድ መልሱ ብሎ ማን ነው ያሳደገኝ? እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ፎቶ ግን እንደልብ ነው። ልጄ ሰማያዊና ነጭ ሴራሚክ የለበሰውን ግድግዳ አንድ በአንድ አነሳች። በመስኮት የተሰጣ ልብስ አነሳች። በራቸው ላይ ጠረጴዛ ዘርግተው በትንንሽ ብርጭቆ የቼሪ አረቄ የሚሸጡ አሮጊት አነሳች። አሮጊቷም ፀጉራቸውን አስተካክለው ቆሙላት። ይህን ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ሐምሌ ላይ ከአራት ኪሎ ተነስተን በራስ መኮንን ድልድይ በእግራችን ወደ ፒያሳ ወጣን። ካፊያ ነበር። መንገዱ ሰፍቷል። የእግረኛው መንገድ ሰፊ፣ መብራቱ የተደረደረ፣ የብስክሌት መስመር ሁሉ ያለው ሆኗል። ልጄ «ቆንጆ ነው» አለች። «ቆይ፣ ቆንጆው ገና ነው» አልኳት። ጊዮርጊስን ተሳለምን። ከዓድዋ ድል በኋላ እንደተሠራ፣ ስምንት ማዕዘን እንዳለው አስቆጠርኳት። የምኒልክን ሐውልት አየን። ፈረሱን ከሊዝበኑ የንጉሥ ሐውልት ፈረስ ጋር አወዳድራ የእኛን መረጠች። ኮራሁ። የዓድዋ ሙዚየምም አስደነቃት። እስከዚህ ድረስ እየመራሁ ነበር።

ከዚያ ልጄ አንድ በረንዳው የእንጨት የሆነ አሮጌ ሕንፃ አየችና ስልኳን አወጣች። ከየት መጣ ሳይባል ዩኒፎርም የለበሰ ጥበቃ ከተፍ አለ።

«እህት፣ ክልክል ነው።»

«ምኑ?»

«ፎቶው።»

«ለምን?»

«ክልክል ስለሆነ።»

«ማነው የከለከለው?»

«እሱን አለቃ ነው የሚያውቀው።»

«አለቃ የታለ?»

«ምሳ ወጥቷል።»

ልጄ «ማማ፣ ወታደር ቤት ነው?» አለችኝ። አይደለም። መስኮቱ የተሰበረ፣ ደረጃው ላይ ጃንጥላ የሚጠግኑበት ቤት ነው። ለፎቶ ያልተፈቀደው ለዝናብ ግን ተፈቅዷል። ጣሪያው ያፈሳል።

ወደ ፓስቲ ቤቱ ሄድን። ማለት ወደ ነበረበት። ከማውቀው ጥግ ታጠፍኩ፣ ጥጉ የለም። ተመልሼ በሌላ በኩል መጣሁ። ሦስት ጊዜ ዞርኩ። ፒያሳ በ2016 ዓ.ም ስትፈርስ ቪዲዮውን ፍራንክፈርት ሆኜ አይቻለሁ፣ አልቅሻለሁም። ግን ፓስቲ ቤቱ ይፈርሳል ብዬ አላሰብኩም። ለምን እንዳላሰብኩ እኔም አላውቅም። የዘይት ጭስ ያጠቆረው ግድግዳ፣ እግሩ የሚነቃነቅ አግዳሚ፣ በጠባብ ብርጭቆ የሚቀዳ ሻይ ነበር። አሁን ሣር ነው። የተከረከመ፣ ደንበኛ ሣር። አንድ መብራት ቆሞበታል። ልጄ መብራቱን አየች፣ እኔን አየች። አልሳቀችም። ብትስቅ ይሻለኝ ነበር።

ለአክስቴ ልጅ ደወልኩላት። ተወልዳ ያደገችው እዚሁ ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ ነው። አሁን የምትኖረው ከተማው ዳር፣ ኮንዶሚኒየም ነው። ሁለት ታክሲ ይዛ መጣች። ገና ሳንሳሳም ለቅሶዬን ጀመርኩ። ሊዝበን እንዲህ ነው፣ ከ1837 ጀምሮ እዚያው ቦታ ነው፣ እኛ ግን እያልኩ። አዳመጠችኝ። ከዚያ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ መልሳ እንዲህ አለችኝ።

«አንቺ የምትፈልጊው ለፎቶ ነው። እኛ እዚያ ግቢ ለሰባት አባወራ አንድ ሽንት ቤት ነበረን። ክረምት ሲሆን ሞልቶ እስከ በራችን ይመጣ ነበር። እሱንም ለልጅሽ ንገሪያት።»

ምን ልበል? አባቷ የታመሙ ጊዜ ወሳንሳ በዚያ ቀጭን መንገድ አላልፍ ብሎ በጀርባ የተሸከሟቸው ትዝ አለኝ። እኔ ከቦሌ ተነስቼ ፓስቲዬን በልቼ የምመለስ ነበርኩ።

ዝም ማለት ስለማልችል ግን የሊዝበንን መሬት መንቀጥቀጥ አነሳሁ። በ1755፣ የቅዱሳን ሁሉ በዓል ዕለት፣ ሰው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እያለ መሬት ተናወጠች። ባሕሩ ወጣ፣ ከዚያ እሳት ተነሳ፣ አብዛኛው ከተማ ጠፋ። ፖምባል የተባለው ሹም መሐሉን በሙሉ ቀጥ ባለ ሰፊ መንገድ አስነጥፎ እንደ አዲስ አሠራው።

«አየሽ» አለችኝ። «እነሱም በሰፊ መንገድ ነው የሠሩት።»

«ግን ካርሞ የሚባለውን ገዳም ጣሪያው እንደተገነጠለ ተዉት። ዓምዶቹ ቆመዋል፣ ላዩ ሰማይ ነው። ሰው ገብቶ ያያል።»

«ሰው ይኖርበታል?»

«አይ፣ አይኖርበትም።»

«እንግዲያማ!» አለች።

እውነቱን ለመናገር አልፋማ ውስጥም ኪራይ አልቻልንም የሚሉ ነዋሪዎች አሉ። ቤቱ ለቱሪስት ሲከራይ ባለ ሰፈሩ ወደ ዳር ይገፋል። እኔም እዚያ ሰፈር በቀን ሒሳብ የተከራየሁ ቱሪስት ነበርኩ። ይህን ለአክስቴ ልጅ አልነገርኳትም። ክርክሩን ቀድሞውኑ ተሸንፌያለሁ። ቢሆንም አንዲት ግድግዳ፣ አንዲት ብቻ፣ ያቺ ዘይት ያጠቆራት፣ ብትቀር ሽንት ቤቱን ምን ታደርገው ነበር?

ምሳ ገባን። ሽሮ ተጋቢኖ እና ጥብስ። ሒሳቡ ሲመጣ የተለመደው ጦርነት ተነሳ። እኔ ብሬን ሳወጣ እሷ እጄን ያዘች፣ እኔ የእሷን ቦርሳ ቀማሁ፣ አስተናጋጁ መሐል ቆሞ የማንን እንደሚቀበል ግራ ገባው። «ከፈልሽ ማለት አላውቅሽም!» አለችኝ። ሁለት ታክሲ ይዛ የመጣች ሴት ከፈለች። ልጄ «ዳቦውንም ጽፈውታል?» ብላ ደረሰኙን አየች።

ስንወጣ ዝናቡ ጠንክሯል። ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ካለ ያልፈረሰ ግቢ በር ላይ፣ ሰማያዊ ላስቲክ ወጥራ፣ አንዲት ወጣት ከሰል ላይ ብረት ድስት ጥዳለች። ሽታው ቀድሞ ደረሰኝ። ፓስቲ! ሊጡን ቆርጣ በዘይት በራሰ መዳፏ ትጠፈጥፈዋለች። መሐሉን በጣቷ በስታ፣ ለጠጥ አድርጋ፣ በዘይቱ ዳር ታንሸራትተዋለች። ይነፋል። በሹካ ትገለብጠዋለች።

ሰልፍ የለም። አንድ ሊስትሮ እና አንድ ረዳት ብቻ ከፊታችን ነበሩ። ልጄ የመጀመሪያውን ነከሰችና አፏን አቃጠላት፣ ግን አልተወችውም። የተጠቀለለበት ከደብተር የተገነጠለ ወረቀት ነው። የሆነ ልጅ ማካፈል ሠርቶበታል። ሁለቱ ኤክስ ተደርገዋል። ልጄ እያኘከች አየችውና «ይሄኛው ትክክል ነው፣ መምህሩ ነው የተሳሳተው» አለች።

ከዚያ በዚያ በተሰባበረ አማርኛዋ ልጅቷን ጠየቀቻት።

«ከመቼ ጀምሮ ነው እዚህ የምትሸጪው?»

ልጅቷ ሹካዋን ይዛ ቀና አለች።

«ከሰኔ፣ የኔ ቆንጆ።»

ልጄ በጣም ከምሯ ራሷን ነቀነቀች። ቀጥላም ስልኳን አወጣችና ወደ እኔ ዞረች። «ክልክል ነው?»

«እሷን ጠይቂያት» አልኳት።

ልጅቷ ሻሿን አስተካክላ ቆመች።