የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው

ወገኖቼ፣ ዛሬ የምቆጣው እናንተንም ራሴንም ነው። ሰበቡ ሩቅ አገር ነው፤ ሃንጋሪ ውስጥ፣ ኤገር በምትባል ከተማ አደባባይ ላይ የቆመ ነሐስ።

ሐውልቱ የዶቦ ኢሽትቫን ነው። (ሃንጋሪዎች የቤተሰብ ስም ያስቀድማሉ፤ እናቱ የምትጠራው ኢሽትቫን እያለች ነበር ማለት ነው።) ቀራጺው ሽትሮብል አላዮሽ ይባላል፤ የቆመውም እ.ኤ.አ. በ1907 ነው። ዶቦ ሰይፉን መዟል። አብረውት አንድ ወታደርና አንዲት ሴት አሉ። ከአደባባዩ ቀና ያለ ሰው፣ ዶቦ የጠበቀውን ምሽግ ኮረብታው ላይ ያየዋል።

ሴትዮዋ ለጌጥ አልተቀረጸችም። በ1552 የኦቶማን ቱርኩ ሱልጣን ሱሌማን ጦር ኤገርን ሲከብ ምሽጉ ውስጥ የነበረው ሰው፣ ሴቱም ሕፃኑም ተደምሮ፣ ሁለት ሺህ ምናምን ቢሆን ነው። ውጭ ያለው 35፣ 40 ሺህ ይገመታል። ወንዱ ሲሳሳ ሴቶቹ ግንቡ ላይ ወጡ። የፈላ ውሃና የቀለጠ ቅጥራን ወደ ታች ቸለሱ። ቦርነሚሳ ገርገይ የሚባል መኮንን ደግሞ የወፍጮ መንኮራኩር ላይ ባሩድ ጠቅጥቆ፣ እሳት ለኩሶ፣ ቁልቁል ለቀቀባቸው። ከአምስት ሳምንት በላይ እንዲህ ከረሙ። ጥቅምት ላይ የከበበው ጦር ጓዙን ጠቅልሎ ሄደ።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ እኔም ባልተቆጣሁ። ዶቦ እርዳታ ላኩልኝ ብሎ ለምኖ ነበር። የሃንጋሪ ንጉሥ ጦር አልደረሰለትም። ከድሉ በኋላ ሹመት አገኘ፤ በ1569 ግን በጊዜው ንጉሥ ላይ ዶልተሃል ተብሎ ታሰረ። ግንብ ሲጠብቅ የኖረ ሰው ግንብ ተዘጋበት። ሲፈታ ብዙም አልቆየም፤ በ1572 ሞተ። ነሐሱ የመጣለት ከ335 ዓመት በኋላ ነው።

«ወይ ፈረንጅ!» ብላችሁ እንዳትስቁ። በላይ ዘለቀን ማን ሰቀለው? ጣሊያን አምስት ዓመት ሙሉ አሳዶ ያላገኘውን አንገት፣ በ1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ገመድ ያስገባንለት እኛው ነን። ዛሬ ባሕር ዳር በአውሮፕላን ስንገባ የምናርፈው በስሙ በተሰየመ ማረፊያ ነው። ስናርፍም ደስ ይለናል።

ኧረ ተዉ! ይሄ ሐውልት ይቁም፣ ያኛው ይፍረስ እያላችሁ ስትናከሱ ታመሻላችሁ። በዓል ሲሆን ፎቶ ትለጥፋላችሁ፣ «ክብር ለጀግኖቻችን» ትላላችሁ። በሕይወት ያለውን ግን መንገድ ላይ ገፍታችሁት ታልፋላችሁ። ጡረታውን ተከታትሎ ለማስጨረስ አብሮት የሚሄድ ከመካከላችሁ ስንት ነው? ቡና ጠርታችሁ «እስቲ እንዴት ነበር?» ያላችሁትስ?

እኔም አልልም። ባለፈው አንድ ቢሮ ተሰልፌ፣ ከፊቴ እግሩን ጦር ሜዳ ያስቀረ የቀድሞ ወታደር ነበር። የሰፈሬ ሰው ነው፣ አውቀዋለሁ። አንዱን ክራንች ግድግዳ ላይ አስደግፎ፣ ፌስታል ውስጥ የያዘውን ወረቀት በጥርሱ ይፈታል። ሁለት ወንበር ነበር፤ ሁለቱም ላይ ጎረምሳ ተቀምጧል። «ተነሡለት» ለማለት አንድ ቃል ይበቃ ነበር። እኔ ግን አቀርቅሬ ስልኬ ላይ ነበርኩ። ስለ ሐውልት እየተከራከርኩ።