ወፉ የትም አልሄደም

ዓመት ሙሉ ጠፍቶ ብቅ ያለን ዘመድ «አንተ የመስቀል ወፍ!» ብሎ መቀበል ወግ ነው። ዘመዱ ስቆ ያልፈዋል፤ ስሙ የጠፋው ወፍ ግን ጠበቃ የለውም። ወፉ እኮ የትም አልሄደም! የመስቀል ወፍ የሚባሉት ከአንድ ዓይነት በላይ ናቸው፤ በጋውን እዚሁ ከሣሩና ከአጥሩ ሥር ጥሬ ሲለቅሙ ይከርማሉ። ያን ጊዜ ወንዱም እንደ ሴቷ ቡናማ ዥጉርጉር ስለሆነ ዞር ብሎ የሚያየው የለም። ዝናቡ ጠግቦ ሣሩ ሲያድግ የመራቢያ ጊዜው ይደርሳል። ወንዱ አሮጌ ላባውን ጥሎ ጥቁር ከቢጫ ወይም ጥቁር ከቀይ ይለብሳል፤ አንዳንዱም ከቁመቱ የሚረዝም ጭራ ያስከትላል። ሴቷ ያው ቡናማዋን እንደለበሰች ናት፤ እንቁላል ታቅፎ ቢጫ መልበስ ጭልፊት መጥራት ነዋ። እኛ ደግሞ ሱፍ ካልለበሰ ሰው አናውቅም፣ «መጣ!» እንላለን።

አደይ አበባም የዚሁ ግፍ ተካፋይ ነው። ሐምሌ ላይ ጭቃ ስንሸሽ የምንረግጠው የመንገድ ዳር አረም እሱ ነበር። ጳጉሜ ላይ ቢጫውን ሲያወጣ ያንኑ አረም በእቅፍ እንገዛዋለን። ገዢውም ሙሉ ለሙሉ የፈካውን መርጦ ይገባና በማግስቱ ጠረጴዛው ላይ ቢጫ ጉዝጓዝ ያገኛል። እምቡጥ የበዛበትን ወስዶ፣ የግንዱን ጫፍ ቆረጥ አድርጎ ውሃ ውስጥ መንከር ነበር።

ከከተማ ወጣ ሲባል ደግሞ መኪና ይቆማል፤ ቤተሰቡ ቢጫው መሃል ገብቶ ፎቶ ይነሳል። ቢጫው ማሳውን ከድንበር እስከ ድንበር ሞልቶ፣ ከድንበሩ ሲደርስ ቀጥ ካለ ሰው የዘራው ኑግ ነው። አደይ ዳገቱንና አጥሩን ሳይጠይቅ ይወርሳል። ሥጋ ዘመዳሞች ስለሆኑ መሳሳቱ አያስወቅስም፤ ግን «በአደይ መሃል» ተብሎ የተለጠፈው ፎቶ የወጥ ዘይት ነው።

«ቡሄ ካለ የለም ክረምት» ብሎ ነሐሴ 13 ጃንጥላውን የሰቀለ ሰውም አለ። በባሕረ ሐሳብ ቆጠራ ክረምት የሚወጣው መስከረም 25 ነው፤ ደመራው ላይ ቢዘንብ ታዲያ ምኑ ይገርማል? መስከረም 26 የሚገባው መጸው ነው። በእንቁጣጣሽ «እንኳን ለፀደይ አደረሳችሁ» የሚለን ወዳጃችን መጋቢት 26 ድረስ ቢታገሠን ጥሩ ነው።

ብርዱ ደግሞ ገና ነው። የክረምቱ ደመና ለምድር ጋቢዋ ነበር፤ ሰማዩ ሲጠራ ቀን የተጠራቀመው ሙቀት ሌሊት ወደ ላይ ይተናል፣ ንጋት ላይ ውርጭ ይወርዳል። «በጥቅምት አንድ አጥንት» የተባለው ያለ ነገር አይደለም። ፀሐይ ወጣች ብሎ ጋቢውን ያጠበ ሰው ደግ አደረገ፤ የተሳሳተው ሲከተው ነው። ጥቅምት ሲገባ ጋቢው ከሻንጣው ሥር፣ ሻንጣው ከአልጋው ሥር፣ አልጋው ላይ ደግሞ የመስቀል ወፍ የተባለው እንግዳ ተኝቷል።