የአራተኛው ሰንጋ ውዳሴ

ጎጃሜ ገንዘብ አያያዝ አያውቅም የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ፍኖተ ሰላም ድረስ ላኩልኝ። ባለፈው ጥር የአክስቴ ልጅ ሲዳር የሰርግ ኮሚቴው ገንዘብ ያዥ ሆኜ ስላገለገልሁ የምናገረውን አውቃለሁ።

የመጀመሪያው ስብሰባ በጸሎት ተከፍቶ በሰንጋ ተዘጋ። የሙሽራውን ደሞዝ የጠየቀ አልነበረም፤ እንዲህ ያለ ነውር እኛ ዘንድ የለም። ሰብሳቢው አጎታችን ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ «እነ እንትና ስንት ጥለው ነበር?» አሉ። «ሦስት» ተባሉ። «እንግዲያው እኛ አራት።» አለቀ። በጀቱ ከእጣን ጭስ ፈጥኖ ጸደቀ። ከገቢው ተነሥቶ በጀት የሚያወጣ ጎረቤት የሌለው ሰው ነው።

እኔ ጀማሪ ነበርሁና አንድ ስሕተት ሠራሁ። «ጋሼ፣ የአራተኛውን ሰንጋ ገንዘብ ለልጆቹ የቤት ኪራይ ብናደርገውስ?» አልሁ። ቤቱ ዝም አለ። አጎቴ በአዘኔታ አዩኝ። «አንተ ልጅ፣ ኪራይ ማን ያየዋል?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ሦስቱ ሰንጋዎች ለሥጋ ናቸው፤ አራተኛው ግን ለነ እንትና የሚሰጥ መልስ ነው። መልስ ደግሞ አይበላም፤ ይታያል እንጂ።

የጊዜ አመራረጣችንም ይደነቃል። ከጥምቀት በኋላ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ያለችው ሰሞን ጠባብ ናት፤ አገር ምድሩ በእሷ ይዳራል። ድንኳኑም፣ መኪናውም፣ ወጥ ሠሪዋም፣ ሰንጋውም በአንድ ጊዜ ስለሚፈለጉ ዋጋቸው ይሰቀላል። ለገበሬው ጥር ምክንያት አለው፤ ጤፉ ተወቅቶ ጎተራ የገባበት ወር ነው። የእኛ ሙሽራ ግን መምህር ነው፤ ደሞዙ በሰኔም በጥርም ያው ነው። አንዱ የኮሚቴ አባል ድምፁን ዝቅ አድርጎ ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ያሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብ እንኳ እንደማይጾምባቸው፣ ገበያውም ያኔ ረገብ እንደሚል አነሣ። «በርካሽ ደገሱ እንድንባል ነው?» ተባለ። በሚቀጥለው ስብሰባ አልመጣም፤ ወይም አልተጠራም።

ወደ ጥሎሹ ልምጣ፤ እዚህ ላይ ነው ጥበባችን የሚመሰገነው። አያቶቻችን ማጫ የሚሉት ነገር ነበራቸው። የሙሽራውም የሙሽራዪቱም ወገን ከብት አምጥቶ ለጥንዶቹ መቋቋሚያ ይሰጣል፣ በሬው ያርሳል፣ ላሟ ትታለባለች። ባጭሩ ከብቱ በሕይወቱ ጎጆ ይገባ ነበር። ድካም ነው። እኛ አሻሻልነው፤ ከብቱ ታርዶ እንግዳ ሆድ ይገባል። ለጥንዶቹ ደግሞ ሻንጣ ይገዛል። ሻንጣው በሙሽራዪቱ ሽማግሎች ፊት ይከፈትና ድምፁ ጎላ ያለ ሰው «ጫማ፣ ሦስት ጥንድ! ሽቱ፣ ሁለት! ጃንጥላ፣ አንድ!» እያለ ብድግ እያደረገ ያሳያል። ያ ሁሉ ሕዝብ የሙሽራዪቱን የሌሊት ልብስ ሳይቀር መርምሮ ሲያጸድቅ አይቼ በማኅበራዊ ኑሯችን ኮራሁ። ወርቁ ሲወጣ አንዲት አሮጊት «ስንት ግራም ነው?» አሉ። የሙሽራውን ጠባይ የጠየቀ አልነበረም፤ ጠባይ በምን ሚዛን ይመዘናል?

ቬሎው ከውጭ የሚመጣ ነው። ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ከተባለና 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ከ100 ብር ካለፈ ወዲህ ኪራዩም ከዶላሩ ጋር አብሮ ወጥቷል። እኛ ግን ከዶላር አንፈራም፤ ሁለት ተከራየን፤ አንዱ ለቀን፣ አንዱ ለማታ። ካባውም የኪራይ ነው። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በ1873 ዓ.ም. የጎጃም ንጉሥ ተብለው ዘውድ ሲጭኑ ዕድሜ ልካቸውን ነው የነገሡት። የእኛ ሙሽራ እሑድ ነግሦ ሰኞ በ3 ሰዓት ካባውን መለሰ፤ ቆየህ ብለው የግማሽ ቀን ጨመሩበት።

ለፎቶ ባሕር ዳር ወረድን። መንገዱ ክፍት የሆነበትን ቀን ጠብቀን፣ በአምስት የኪራይ መኪና፣ 170 ኪሎ ሜትር ገደማ። ግንቦት 2016 የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ 380 ሜትር ርዝመት ያለው ለመኪና ማሻገሪያ ይመስላችሁ ይሆናል። ቬሎ ለመጎተቻ ነው። የፍኖተ ሰላም ዛፍና የላህ ወንዝ ምን ጎደላቸው አትበሉኝ፤ ጎረቤት ሁሉ በነጻ የሚያያቸው ነገር ናቸዋ።

ጥሪውን ልዝለለው። 300 ካርድ አሳትመን፣ በእያንዳንዱ ላይ «ከነቤተሰብዎ» ብለን ጻፍን። ጎጃም ውስጥ ቤተሰብ ማለት ምን ማለት እንደሆነ አታሚው አላስጠነቀቀንም።

ወጪው ሲደመር ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ። እቁቡ ቀድሞ እንዲወጣለት ተለመነ፣ ከአማቹ ተበደረ፣ ከባልደረቦቹ ተለቀመ፣ ሰንጋ ነጋዴው በዱቤ ሰጠ። «አይዞህ፣ ሰርግ አንድ ቀን ነው» አሉት አጎቴ። ልክ ናቸው፤ ሦስት ዓመት የሚፈጀው እዳው ነው። ሙሽሮቹ ጫጉላቸውን የጨረሱት ፍራሽ፣ ሁለት ወንበርና ያ ሻንጣ ባለበት አንድ ክፍል ቤት ነው። ሻንጣው እንደ ጠረጴዛም ያገለግላል፤ ጥሎሽ ጥቅም የለውም የሚሉ ይህን ይዩ።

ቪዲዮው በሚያዝያ ደረሰ፤ ቀሪው ክፍያ እስኪሞላ ባለካሜራው ይዞት ነበር። ሙሽሮቹ ቴሌቪዥን ስለሌላቸው እኔ ቤት መጥተው ቡና እየጠጣን አየነው። ድሮኑ ድንኳኑን ከሰማይ አሳየ፣ ድልድዩን አሳየ፣ አራቱንም ሰንጋ በሰልፍ አሳየ። ከዚያ ባለማይኩ በየጠረጴዛው እየዞረ «ለሙሽሮች ምን ይላሉ?» ማለት ጀመረ። አንድ ወፍራም ሰውዬ የብርንዶ ቢላውን ሳያስቀምጥ፣ «አብርሃምና ሣራ ያድርጋችሁ» አለ፤ ጎረሰ፤ አሰብ አደረገና፣ «ጠላው ግን ቀጥኗል» አለ።

ሙሽራዪቱ ስኒዋን አስቀመጠች። «ይሄ ሰውዬ የናንተ ወገን ነው?» ብላ ባሏን ጠየቀችው።

«እኔ የናንተ መስሎኝ» አላት።